የሦስተኛው ኩርባ አፈር

አርሊን ሽሬፍለር ባሏን መቃብር ቦታ አላስቀበረችውም። ዴል ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በቆርቆሮ ዕቃ ተሰጣት፤ እሷም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ኬለርስ ፌሪ የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ገብታ ሦስተኛው ኩርባ ላይ በተነችው። ቦቴው የሜዳውን ሸክላ አፈር ውሃ ያጠጣ ነበር። ሹፌሩ አይቶ እንዳላየ አለፋት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም። በዚያች የወንዝ ዳር ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ በየማዕዘኑ ነው፤ ግን እሑድ የቀረ ሰው ማንም አይጠይቀውም፣ ቅዳሜ ማታ ሜዳው ላይ ያልታየ ሰው ግን ታሞ ነው ተብሎ ሾርባ ይወሰድለታል።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ የአርሊን መቀመጫ ከዚያው ኩርባ ፊት ለፊት ነው። ባለ ክንፎቹ ትንንሽ መኪኖች በጎናቸው እየተንሸራተቱ ሲዞሩ ከጎማቸው የሚፈናጠረው ጭቃ አጥሩን ዘሎ ተመልካቹ ላይ ይዘንባል። ሌላው ሰው መነጽር ያደርጋል፣ ቢራውን በመዳፉ ይከድናል። አርሊን ግን ፊቷን ትሰጠዋለች። ጭቃው ጉንጯ ላይ ሲለጠፍ "ዴል ሰላም አለኝ" ትላለች፤ ቤቷ እስክትገባም አትጠርገውም። የሚስቅባት አልነበረም። ከጎኗ ከሚቀመጡት መካከል አባቱን፣ ወንድሙን ወይ የልጅነት ጓደኛውን እዚያው አፈር ላይ የበተነ ብዙ ነውና።

እንግዲህ የሜዳው ባለቤት ሽማግሌው ካውፍማን ሞተ። ልጆቹ በአባታቸው ሕይወት እንኳ የሞተሩን ጩኸት የሚጠሉ ነበሩ፤ መሬቱን ለመጋዘን ሠሪዎች ሸጡት። ደጋፊዎቹ አንድ ሳምንት አለቀሱ፣ ሁለተኛውን ሳምንት ተሳደቡ፣ በሦስተኛው ማኅበር አቋቋሙ። ጎርፍ የማይደርስበት ኮረብታ ላይ መሬት ገዝተው የራሳቸውን ሜዳ ሊሠሩ ቆረጡ። ባንክ ግማሹን አበደራቸው፣ ግማሹ ከአባላቱ ኪስ ሊወጣ ሆነ።

ክርክሩ የጀመረው ያኔ ነው። የበረዶውን ክረምት በሙሉ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ አዳራሽ ውስጥ፣ የዶሮና የበቆሎ ሾርባ እየተጠጣ፣ ሲጨቃጨቁ ከረሙ። የገዛ ቤቱን ደረጃ ማስጠገን ያቃተው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ። ኩርባው በስንት ዲግሪ ይዘንብል፣ አጥሩ ስንት ሜትር ይሁን፣ የመብራቱ ምሰሶ ብረት ይሁን እንጨት። አንድ ሞኝ አስፋልት ይሻላል፣ በኪራይ ገንዘብ ያመጣል ብሎ ተነሳና እንደ ከሃዲ ተጮኸበት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሾርባውን ብቻውን ነው የጠጣው። ቁርጡ ነገር ግን አፈሩ ነበር፦ ለአዲሱ ሜዳ ሸክላው ከየት ይምጣ?

ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው የአርሊን ነው፤ የአሮጌው ሜዳ አፈር ከነሙታኑ ተቆፍሮ፣ በገልባጭ ተጭኖ ኮረብታው ላይ ይውጣ። ሁለተኛው የታናሽ ወንድሟ የማርሊን ነው። ማርሊን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካውፍማንን በነጻ ሲያግዝ የኖረ፣ አጥር የሚጠግን፣ ሣር የሚያጭድ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። ከአዲሱ ሜዳ አጠገብ የበቆሎ ማሳ ያለው ገበሬ ጥሩ ሸክላ አለው፣ በሲሶ ዋጋ ይሰጠናል፣ በሚተርፈው ለመቀመጫው ጣሪያና የሴቶች መጸዳጃ ቤት እንሥራ አለ። ለጭነት ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ማውጣት ዕብደት ነው አለ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ሰውን ያናደደው።

አርሊን ተነሳች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ግን ያለ ማጉያ አዳራሽ ይሞላል።

"ያን አፈር እኔ በምላሴ አውቀዋለሁ" አለች። "አርባ ዓመት በልቼዋለሁ። ዓይኔን ሸፍናችሁ አሥር ዓይነት አፈር ብታቀምሱኝ የኛን እለየዋለሁ። የበቆሎ ማሳ አፈር አምጥታችሁ ሜዳችን ነው ልትሉኝ አትችሉም።"

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። እኔም አውቀዋለሁ የሚል ከየአቅጣጫው ተነሳ፤ አንዱ በሽታው፣ አንዱ በቀለሙ፣ አንዱ ከሸሚዝ አልለቅ በማለቱ። ከዚያ ክሪስታ ቦየር ተነሳች። ክሪስታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት ናት። አባቷ የታወቀ መካኒክ ነበር፣ አመዱም እዚያው ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነው። አባቴን መጋዘን ሥር ትቼው አልሄድም አለችና መጨረስ አቅቷት ተቀመጠች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ማርሊን እጁን አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ "አፈር ነው አርሊን። አፈር ብቻ ነው" አለ።

አርሊን ውስጧ ነደደ። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆጣቢ ነው፤ ግን በዴል ላይ ይቆጥባል ብላ አስባ አታውቅም። "ለአንተ አፈር ነው፣ ለእኔ ባሌ ነው" አለችው። "ዴል ስንት ዓመት መኪናህን ሲጠግንልህ አንዲት ሳንቲም ጠይቆህ ያውቃል? ዛሬ ለእሱ የጭነት ዋጋ ታሰላበታለህ?"

በዚህ ቢበቃት ኖሮ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ነገሩ በዚያ አላበቃም።

"ከእንግዲህ ወንድም የለኝም። ይህን ሁሉም ይስማልኝ።"

ማርሊን አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊናገር እንደነበር ከፊት የተቀመጡት ሁሉ አይተዋል። ከዚያ ዘጋው፣ ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ወጣ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ዱዌይን ድምፅ አሰጠ፤ የአርሊን ሐሳብ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ጣሪያውና መጸዳጃ ቤቱ ከዕቅዱ ተሰረዙ፣ በእያንዳንዱ አባል ላይ ተጨማሪ መዋጮ ተጣለ። አርሊን የዚያን ቀን ማታ እንቅልፏን ተኛች።

በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲደርቅ ገልባጮቹ መጡ። አርሊን በየቀኑ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እየሠራች ወደ አሮጌው ሜዳ ትወርድ ነበር። ሠራተኞቹ ወደዷት። ከሁሉም የሚቀርባት የኤክስካቫተሩ ሠራተኛ ዌስሊ ነው፤ ከሌላ አውራጃ የሚመላለስ፣ ስለ እሽቅድድም ደንታ የሌለው፣ አፈ ቀላል ሰውዬ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የደረሱ ቀን ቀስ ብሎ እንዲቆፍር ለመነችው። ምክንያቱን ሲሰማ ከወንበሩ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ግራ ቢገባውም ደግ ሰው ነበር።

ከሸክላው ሥር ግራጫ የጨርቅ ንጣፍ፣ ከንጣፉም ሥር ጠጠር ብቅ አለ። አርሊን ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው።

"ይሄማ እኔ ራሴ ያነጠፍኩት ነው" አላት። "ከጎርፉ በኋላ።"

የቱ ጎርፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሁለት ሳምንት ውጦት ነበር። ካውፍማን አደረቅነው፣ አለሰለስነው ብሎ በወሩ ውድድር አስጀመረ፤ ሕዝቡም እልል ብሎ ገባ። ዌስሊ ሳንድዊቹን እየገመጠ ያወራት ሌላ ነው። ውሃው የከተማውን ፍሳሽና የነዳጅ ዘይት ይዞ ነው የገባው። መንግሥት አፈሩ የተበከለ ስለሆነ እስከ ሥሩ ተጠርጎ ይውጣ ብሎ አዘዘ፣ እነሱም ሕዝቡ የየቤቱን ጭቃ ሲያጸዳ ሳለ ጠርገው አወጡት።

"የት ወሰዳችሁት?"

"ቆሻሻ መድፊያ ነዋ። የተበከለ አፈር ሌላ ማን ይቀበላል?"

"እና ይሄ?" አርሊን ክምሩን አሳየችው።

"ይሄማ ከኮረብታው ሥር፣ ከበቆሎ ማሳው የመጣ ነው። አሁንም እኮ ወደ መጣበት እየመለስነው ነው።" ሳቀ። "የሚከፍል እስካለ እኔ ምን አገባኝ።" ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ። ለማጽናናት ይሁን ለመሸሽ፣ በዚያን ጊዜ ከደጋፊዎቹ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር አላት። ካውፍማን ሰው ከሰማ እግሩ ሜዳውን አይረግጥም ብሎ አስምሎታል። ስሙ ማርሊን ይባላል።

አርሊን መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። አሥራ ሦስት ዓመት። ጉንጯን ሰጥታ፣ ሳትጠርግ ቤቷ ወስዳ፣ በመስታወት ፊት ቆማ በጣቷ እየዳሰሰች ያወራችው ከአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ጋር ነው። ዴል ከተጣለ ጎማና ከሰው ቆሻሻ ጋር አንድ ላይ ተደፍቶ፣ እሷ ከላይ ቢራ እየጠጣች ሰላም ብሎኛል ስትል ኖራለች። አፈረች። ከሐዘኑም ይልቅ ያቃጠላት ማፈሯ ነው፤ በምላሴ አውቀዋለሁ ያለችበት ምላሷ አፏ ውስጥ ከበዳት።

ማርሊን በረንዳው ላይ የሣር ማጨጃውን ስለት ይስል ነበር። መኪናዋን ሲያይ አልተነሳም። ግቢም አላላት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው ገና ከደረጃው ሥር ሆና።

ማርሊን ሞረዱን አስቀመጠ። "አፈር ነው አልኩሽ እኮ።"

"ማርሊን።"

"ምን ልበልሽ? በየቅዳሜው ፊትሽን ሰጥተሽ ስትስቂ አጠገብሽ ነው የምቀመጠው። ያን ላጠፋብሽ ነበር? ካውፍማን ባያስምለኝም አልነግርሽም ነበር። አዝኜልሽ ነው ዝም ያልኩት።" ቀና ብሎ እያያት፣ "እስከዚያ ስብሰባ ድረስ" አለ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድም የለኝም ስትዪ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት አዝኜልሽ አይደለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለበቆሎ ማሳ አፈር ሚሊዮን ስትከፍዪ ልይሽ ብዬ ነው።"

አርሊን ልትሰድበው ፈለገች፣ ስድቡም ነበራት፤ ግን እሱ በገዛ አፉ ስለ ራሱ ካመነው የከፋ አላገኘችም። እናታቸው ብትኖር ሁለቱንም በጥፊ ትላቸው ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞ ስብሰባ አለ አለችው። የነዳጅ ዋጋ ጨምሯል፣ ሥራ ተቋራጩ ለቀረው ግማሽ አፈር ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቋል፣ አዲስ መዋጮ ሊጣል ነው። ክሪስታ የመጀመሪያውን መዋጮ ለመክፈል የሌሊት ተረኛ ሆና ነው የከረመችው፤ ልጆቿን ጎረቤት ያሳድርላታል። ይህን ለአባቷ ብላ ነው የምታደርገው፣ አባቷ ደግሞ የሞተው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከጎርፉ በኋላ የተበተኑት ታድለዋል፣ እነሱስ እውነትም አሉ። ክሪስታ ግን ለማይገኝ ሰው እየከፈለች ነው።

"አብረኸኝ ተናገር" አለችው። "እኔን ብቻዬን አያምኑኝም።"

"እንደ ማን ሆኜ?" አለ ማርሊን፣ ሞረዱንም አነሳ።

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም አለ። ማርሊን ከወራት በኋላ መጥቶ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ አርሊን ስታየው ልቧ ትንሽ ተመለሰ። ዱዌይን ስለ ነዳጅና ስለ ገልባጭ ኪራይ አስረዳ። ሁለት ሰው ዋጋው በዛ አለ፣ አምስት ሰው ለወላጅ የማይከፈል ገንዘብ ለምን ይሆናል አለ። ክሪስታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጥታ ዓይኗ ቀልቶ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሰዉ ሁሉ ወደ አርሊን ይመለከት ነበር፤ ነገሩ የእሷ ነዋ፣ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል።

ተናገረች። ሳታሳምር፣ ሳታለቅስ፣ ዌስሊ የነገራትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ቆሻሻ መድፊያውንም አልዘለለችውም። ማሳው አዲሱ ሜዳ አጠገብ ነው፣ የቀረውን ከዚያው እንውሰድ፣ ልጆቻችሁ ላይ አትበደሩ ብላ ጨረሰች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን እውነት ገና ከመውጣቱ ዞረውበት ጮኹ። አንዱ ማን ከፈለሽ አላት። ሌላው ከወንድሟ ታርቃ ነው፣ የቆጣቢዎች ዘር ነች አለ። ሥራ ተቋራጩ ተነስቶ፣ ዌስሊ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል፣ እኔም በጎርፉ ጊዜ እዚህ አልነበርኩም አለና ጠረጴዛውን እያየ ተቀመጠ። የቀረው አፈር ጭነት የእሱ እንጀራ ነው፤ ከዚህ በላይ ማን ይጠብቅበታል።

ክሪስታ ተነሳች። "እማማ አርሊን፣ በምላሴ አውቀዋለሁ ያሉን እርስዎ ነዎት" አለች። "እኛ እርስዎን አምነን ነው። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ አሥራ ሦስት ዓመት ሲቀምሱ የኖሩት ምን ነበር?"

"የበቆሎ ማሳ" አለች አርሊን።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፣ ሳቁም ተዛመተ። ያ ሳቅ ክፉ ሳቅ ነበር፤ የፈራ ሰው ሳቅ። አርሊን ቆማ ጠበቀችው። ሲበርድ ዱዌይን ጉሮሮውን ጠረገና ወደ በሩ ዞረ።

"ማርሊን፣ ስምህን ጠርታለች። አፈሩ ሲወጣ ነበርክ?"

ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ክሪስታም ዞረች። ማርሊን እህቱን አላየም፤ ያየው ልጅቷን ነው፣ ልጅቷም እጆቿን ደረቷ ላይ ጨብጣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ትጠብቀዋለች። አርሊን መልሱን እየጠበቀች ሃምሳ ዓመት ያልጸለየችውን ጸለየች።

"ከጎርፉ በኋላ ሜዳውን አደረቅነው" አለ ማርሊን። "ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

ለልጅቷ አዝኖ ይሁን እህቱን ተበቅሎ፣ አርሊን ያኔም አላወቀችም፣ እስከ ዛሬም አታውቅም። ምናልባት እሱም አያውቀውም። ዱዌይን ቀሪው አፈር ይምጣ የሚል እጁን ያውጣ ሲል እጆች እንደ ሸንበቆ ቆሙ፤ ከኋላ በኩል የማርሊንም እጅ አብሮ ወጣ፣ ያን ሁሉ ክረምት አይሆንም ሲል የከረመው እጅ። የሚቃወም ሲባል አርሊን ብቻዋን አወጣች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ በክረምቱ ስብሰባ እሷ በእሱ ላይ ያስቆመችው አዳራሽ ዛሬ በእሷ ላይ ቆመ።

ሰዉ ወንበር እያጠፈ መነሳት ጀመረ። ክሪስታ ለመውጣት በአርሊን ፊት ማለፍ ነበረባትና አጠገቧ ስትደርስ ቆመች። ያቺ ልጅ በሕይወቷ አርሊንን አንቺ ብላ ጠርታት አታውቅም።

"ዴል ቢሰማሽ ያፍርብሽ ነበር" አለቻት።

አዲሱን መዋጮ የሚሰበስቡት በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ነበር፤ ያልከፈለ ሰው በአዲሱ ሜዳ መቀመጫ አይኖረውም። ክሪስታ ሄዳ ሰልፉን ያዘች። ትንሽ ቆይታ አርሊን ቦርሳዋን ከፍታ ከኋላዋ ቆመች።